ልጃችንን ወደ ተራራ ያሸሸንበት ጁምዓ

ኻርቱም ውስጥ ተራራ የለም። እኛ የምንኖርበት ሐጅ ዩሱፍ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያልወጣ ሰው ከጎረቤቱ አጥር ወዲያ አያይም። ስለዚህ የከተማው ሰው «ጀበል» ሲል የሚጣፍጥ ነገር እንደጎረሰ ነው። ባሌም እንደዚያው ነው። እኔ ግን የተወለድኩት ደባርቅ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ተራራ ከብት ተንከባሎ የሚቀርበት፣ ሰው በጉም መንገድ የሚስትበት እንጂ ለሽርሽር የሚኬድበት ቦታ አልነበረም። ከተጋባን ጀምሮ ባሌ ሰበሎቃ ተራሮች ልውሰዳችሁ ባለ ቁጥር አንድ ሰበብ እየፈጠርኩ ስቀር ኖሬያለሁ። ያን ጁምዓ ግን ሰበብ አልፈጠርኩም። ሐሳቡን ሲያመጣ ዕቃ መሸከፍ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ምክንያቱ ትልቋ ልጃችን ናት። ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብዙም ሳትቆይ በመንግሥት ላይ የተነሣው ሰልፍ ስለበረታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘጉና ቤት ተቀመጠች። ለዳቦ ጎህ ሳይቀድ መሰለፍ የተለመደበት ጊዜ ነበር። በሰልፍ ቀን ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከአንድ ሰፈር አንዲት ሴት እልል ትላለች፤ እልልታው ከቤት ቤት ይቀባበልና ወጣቱ ከየቅያሱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አስለቃሽ ጭስ ነው። ልጄ ሐሙስ ሐሙስ አርካዊት ሰፈር ያለች ጓደኛዋ ቤት ለማጥናት እንደምትሄድ ትነግረኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ምን እንደሚጠና አልጠየቅኳትም። ከጠየቅኩ መልሱን መስማት ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን ፈራሁ።

ያን ሐሙስ ዓይኗ በርበሬ መስሎ መጣች። የአንገት ልብሷ ሰልፈኛው ለጭሱ የሚይዘውን ኮምጣጤ ይሸታል። አቧራ ነው አለችኝና ገብታ ተኛች። ትንሽ ቆይቶ ባሌ መጣ። ሥራው ሃፍላ መንዳት ነው፣ የከተማ አውቶቡስ። መኪናውን አቁሞ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ግቢው ውስጥ አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ምግብ ባቀርብለት አልነካውም።

«ልጅሽን አየኋት» አለኝ።

ቡሪ አካባቢ ወጣቶች ጎማ አቃጥለው መንገድ ስለተዘጋበት ቆሞ ነበር። ፊታቸውን የሸፈኑ ልጆች በመስኮቱ አጠገብ እየሮጡ አለፉ፤ ከኋላቸው ዱላ የያዙ ሰዎች የጫነ ፒክአፕ ይከተላል። አንዷን በአረማመዷ ዐወቃት። ልጃችን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሮጥ ግራ እግሯን ወደ ውጭ ትጥላለች። ወርዶ እንዳይከተላት መኪናው ሙሉ ተሳፋሪ ነው። እንዳይጠራት ድምፁን ሰምታ ትቆማለች፣ ከቆመች ደግሞ ይይዟታል። ስለዚህ አፉን ይዞ ቅያሱ ውስጥ ገብታ እስክትጠፋ ድረስ አያት።  

ነገ ጁምዓ ነው፣ ከሶላት በኋላ እንደገና ይወጣሉ አለ። በር ብንቆልፍባት በጣሪያ ትሄዳለች። ይዘናት ከከተማው እንውጣ፤ ጁምዓና ቅዳሜን ሰበሎቃ እንዋል፤ ድሮ ወደ ሸንዲ ስነዳ የተዋወቅኩት ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ማደሪያ ይሰጠናል አለኝ። ለሥራ ብሎ ሁለት ቀን ተሰልፎ የቀዳው ናፍጣ ነበረው። እሱን ለዚህ ሊያውለው መቁረጡን ሳይ የፍርሃቱ ልክ ገባኝ።

ለልጆቹ ሽርሽር ነው አልናቸው። ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ነገሩን እንደሰማች ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። ትልቋ አባቷን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።  እንዳወቅንባት ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል።

ጠዋት አራት ሆነን በባዶው ሃፍላ ተነሣን። ትንሿ ከወንበር ወንበር ትዘላለች። ከእህቷ የለመደችው መፈክር ነበራት፣ «ተስጉት በስ» የሚል፤ ይውደቅ፣ በቃ እንደማለት ነው፣ መንግሥትን ነው። ትርጉሙን አታውቀውም። ስትለው ደስ ስለሚላት ብቻ ገመድ ስትዘልም፣ ገላዋን ስትታጠብም ትለዋለች። ከባሕሪ፣ ከሰሜኑ ከተማ፣ መውጫ ላይ ፖሊሶች መኪና ያስቆሙ ነበር። አንዱ ወደ መስኮታችን ሲመጣ እሷ የኋላ ወንበር ላይ ቆማ «ተስ...» ብላ ስትጀምር ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁትን ተምር አፏ ውስጥ ከተትኩባት። ፍሬው ውስጡ ነበር፤ ልጄን ላንቃት ነበር። ፖሊሱ ወደ ውስጥ አየት አደረገና በእጁ እለፉ አለን። ባሌ ሳቀ። እኔ እስከ ጀይሊ ነዳጅ ማጣሪያ ድረስ ልቤ አልተመለሰም።

ማጣሪያውን ካለፍን በኋላ ከተማው አለቀ። በቀኝም በግራም አሸዋና እሾህ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ ከሩቅ ጥቁር ኮረብቶች ተነሡ። ባሌ እዩት ጀበሉን፣ እዩት እያለ በጣቱ ያሳየን ጀመር። እኛ አገር ይሄ ጉብታ ነው አልኩት። ትልቋ ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቋን ስትደብቅ አየኋት፤ በዚያ ጠዋት ከእሷ ያገኘሁት ይኸው ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን በአሸዋው መንገድ ወደ ወንዙ ስንወርድ ግን ጉብታ ያልኩት ነገር በሁለት በኩል ቆመብን። ድንጋዩ ከሰል ይመስላል። አንድ ዛፍ፣ አንድ ሣር የለበትም። ኻርቱም ላይ ተንሰራፍቶ የማየው ዓባይ እዚያ ሲደርስ በድንጋዮቹ መካከል ተጨምቆ፣ ጠቦ፣ እያጉረመረመ ያልፋል።

ዓሣ አጥማጁ ነጭ ጺም ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ልጆቹ ዓም ይሉት ጀመር፣ አጎት ለማለት። ወንዙ ዳር ከገለባ የተሠራ ራኩባ ሰጠን፣ ሦስት አንገረብ ዘረጋልን፣ ሚስቱ ዓሣ ጠብሳ አመጣች። እንደ እኛ ከከተማ የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሽርሽር የሚያምረው ማን አለና።

ትልቋ ዓሣውን አልበላችም። ስልኳን ወደ ላይ እያነሣች ኔትወርክ ትፈልጋለች፤ ገደሉ ውስጥ ምንም የለም። ጁምዓ ሶላት ያለቀበት ሰዓት ሲደርስ መቀመጥ አቃታት፤ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። ባሌ እንቅልፍ ጣለው። እኔ ትንሿን ወንዙ ዳር እግሯን ሳጥብ ቆይቼ ስመለስ የትልቋ አንገረብ ባዶ ነው።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ ለሽንት ሄዳ ይሆናል አልኩ። ጥቂት ጠብቄ ከራኩባው ኋላ ዞርኩ። የለችም። መኪናው ውስጥ አየሁ። የሽማግሌውን ሚስት ጠየቅኳት፤ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ጠቆመች። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደዚያ ስትወጣ አይታታለች። ቆየት ብሏል አለችኝ።

ባሌን ቀስቅሼ ትንሿን ሰጠሁትና በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሞታል፤ እጄን ለመደገፍ ሳኖር ያቃጥለኛል። ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ይንሸራተታል። በልጅነቴ የዚህን አሥር እጥፍ ስወጣ ያደግኩ ሰው በእጄም በእግሬም እየዳኽኩ ወጣሁ። ስሟን ጠራሁ። ድምፄ ማዶ ካለው ገደል ጋር ተጋጭቶ ተመልሶ መጣና ሌላ ሴት የራሷን ልጅ የምትጠራ መሰለኝ። ደግሜ ጠራሁ። መልስ የለም። አንድ ጊዜ ቁልቁል ብመለከት ወንዙ ከእግሬ በታች ነው፤ ከጠርዙ አጠገብ አንድ ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። የእሷ የአንገት ልብስ ነው ብዬ ቁጢጥ አልኩ። በኋላ ቀስ ብዬ ስጠጋ ነፋስ ያመጣው የስሚንቶ ከረጢት ሆኖ አገኘሁት። እዚያው ተቀምጬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ከዱላና ከጭስ አሸሸኋት ብዬ ለገደል ሰጠኋት አልኩ።

ልቅሶዬን ሰምታ መጣች። ከላይ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ነበረች። ልቆጣት አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁና ተውኩት።

«ወሰዷት፣ ዩማ» አለችኝ። ዩማ የሚሉት እዚህ አገር እናታቸውን ነው።

የአርካዊቷን ጓደኛዋን ነው። ከላይ ኔትወርክ አግኝታ መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ፤ ጓደኛዋ ከመስጊዱ በር ላይ ተይዛ በፒክአፕ ተጭናለች፣ ወዴት እንደወሰዷት የሚያውቅ የለም። «እኔ ብኖር አብረን እንሮጥ ነበር። እሷ ብቻዋን መሮጥ አትችልም፣ አስም አላት» አለች። አማርኛዋ ሲጨንቃት ይሰባበራል፤ ግማሹን በዐረብኛ ነው የነገረችኝ። አቀፍኳት። አብራት ባለመኖሯ ግን ውስጤ ፈጣሪን ያመሰግን ነበር። እሷ ያን ያወቀች ይመስል ከእቅፌ ወጣች።

ከዚያ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀረጸ ነው። ጓደኛዋ አጥር ላይ ወጥታ ባንዲራ ታውለበልባለች፤ ትስቃለች፤ ሴቶች ከሥር እልል ይላሉ፤ የራሴ ልጅ ድምፅ ውረጂ፣ መጡ ይላል። ሌሎችም ነበሩ፣ ብዙ። አጥፊው አልኳት፤ መንገድ ላይ ቢፈትሹን ሁላችንም እናልቃለን አልኳት።

«ይሄን ካጠፋሁ እዚያ እንደነበረች ማን ያምናል?» አለችኝና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ማታ፣ ራት ልንበላ ስንል ሽማግሌው ሬዲዮውን አምጥቶ መካከላችን አስቀመጠ። ፕሬዚዳንቱ ተናገረ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጇል፣ መንግሥቱን በትኗል። ሽማግሌው ላ ሐውለ ብሎ ፈጣሪውን ጠራ። ባሌ ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላም ዓይኑን ከእሱ አላነሣም። ነገ መንገዱ ወታደር በወታደር ነው የሚሆነው አለኝ በኋላ፣ ለብቻዬ። እዚሁ እንቆይ እንዳንል የመኪናው ባለቤት እሑድ ጠዋት ይፈልገዋል። እኔ ስለ ስልኩ አልነገርኩትም። ብነግረው ይቀማታል፣ እሷም ትጮኻለች ብዬ ነው ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ ምን እንደማደርግ ቆርጬ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ልጄ ፊቷን ልትታጠብ ከሽማግሌው ሚስት ጋር ሄደች። ስልኩን ከትራሷ ሥር አወጣሁት። የማታ ድስቶች ነበሩ፤ ስልኩን ድስቱ ውስጥ ከትቼ፣ ድስት እንደሚያጥብ ሰው ወደ ወንዙ ወረድኩ። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል በሚጣደፍበት ቦታ ወረወርኩት። ዓሣ ቢዘል ከሚያሰማው ድምፅ የበለጠ አልተሰማም። ዞር ስል ሽማግሌው ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ወደ መረቡ አቀረቀረ፣ እኔም ድስቱን በአሸዋ መፈተግ ጀመርኩ።

ከዚያ ፍለጋው መጣ። አንገረቦቹን አነሣን፣ ገለባውን ገለጥን፣ መኪናውን በረበርን። እኔም ከሁሉም ጋር እያጎነበስኩ ፈለግኩ። ሽማግሌው ሳይቀር መረቡን እያራገፈ፣ ጀልባው ሥር እያየ አብሮን ይፈልግ ነበር፤ ወደ እኔ ግን አንድ ጊዜም አልተመለከተም። ልጄ ተራራው ላይ ወድቆ ይሆናል፣ ልውጣ አለች። ጊዜ የለንም አለ ባሌ። እኔም ጊዜ የለንም አልኩ።

የተያዝነው ማጣሪያው ጋ ሳንደርስ ነው። ትናንት ያልነበረ ኬላ ቆሟል፤ መኪኖች ተደርድረዋል፤ መሣሪያ የያዙ ወታደሮችና ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች አሉ። ከፊታችን ካለው ሚኒባስ ተሳፋሪውን አስወርደው ስልክ ስልኩን ይሰበስባሉ። አንድ ወጣት ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተገኘበትና ፊቱን ወደ መኪናው አዙረው በኤሌክትሪክ ገመድ ጀርባውን መቱት። ሦስት ጊዜ። አልጮኸም። እኔ የልጄን እጅ ያዝኩ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው። ልክ ነበርኩ፣ ልክ ነበርኩ እላለሁ በሆዴ።

ተራችን ደረሰ። የባሌን ስልክ አዩ፣ የእኔን አዩ። ልጄን ስልክሽስ አሏት። ጠፋብኝ አለች። ዛሬ የሁሉም ሰው ስልክ ነው የጠፋው ብሎ ወታደሩ ሳቀ፤ ቦርሳዋን ገለባብጦ መለሰላት። ትንሿ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። አለፍን ብዬ እግሬን ወደ መኪናው ሳነሣ ከሲቪሎቹ አንዱ በጣቱ ጠራኝ።

«ሐበሺያ ነሽ? ኢቃማሽን አምጪ።»

የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ባሌ ሊያሳድስልኝ ደጋግሞ ሄዶ ነበር፤ ቢሮው አንድ ቀን ይዘጋል፣ ሌላ ቀን ኮምፒውተሩ አይሠራም። የኔ ሚስት ነሽ፣ ማን ይነካሻል ይለኝ ነበር፤ እኔም ነገሩን ረስቼው ነበር። የልጄን ስልክ ሳስብ አድሬ የራሴን ወረቀት አንድ ጊዜ እንኳ አላስታወስኩም።

ሰውዬው ወረቀቱን አገላበጠ። ሰልፉን የሚያነሣሱት የውጭ ሰዎች ናቸው፣ አሁን ደግሞ አዋጅ አለ፣ ይህቺ ትቀራለች አለ። ባሌ ያ ጅናቡ፣ ጌታዬ፣ እያለ ለመነው፤ ሚስቴ ናት፣ የልጆቼ እናት ናት አለው። የጋብቻ ወረቀት አምጣ አለው ሰውዬው። ወረቀቱ ሐጅ ዩሱፍ፣ ቤት ነው። ልጆችህን ይዘህ ሂድና አምጣ፣ እሷ እዚህ ትጠብቅህ አለ። ባሌ ትልቋን መኪናው ውስጥ ግቢ አላት።

ልጄ አልገባችም። በጠራ ዐረብኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «እናቴ ናት። እሷ ከቀረች እኔም እቀራለሁ» አለች።

አንቺ ሱዳናዊት ነሽ፣ ሂጂ አላት ሰውዬው። እኔ በአማርኛ ለመንኳት። በአባቷ አስለመንኳት። መጥታ አጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ሃፍላው ሲርቅ፣ ትንሿ ነቅታ በኋላ መስታወት ስታየን ትዝ ይለኛል።

ድንኳን ውስጥ አስቀመጡን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ለራሴ አልነበረም፤ እኔን ቢበዛ ወደ መተማ ይመልሱኛል። የምፈራው ያቺን በግራ እግሯ የምትታወቅ ልጅ ነው። እነዚያ ሰዎች ሐሙስ ዕለት ከኋላዋ የነበሩት ቢሆኑስ? አንዱ ወታደር በገባ ቁጥር ፊቷን ያያታል። የት ነው የምትማሪው አላት። አልማርም፣ ከእናቴ ጋር ልብስ እሰፋለሁ አለችው፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ። ልጄ እንዲህ መዋሸት እንደምትችል ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። የተደበደበው ወጣት ከእኛ ማዶ፣ ጀርባው ምሰሶውን እንዳይነካ ተጎንብሶ ተቀምጧል።

ረፋዱ አልፎ ቀትር ሲሆን ልጄ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

ምኑን አልኳት።

«ስልኩን። ስትፈልጊ አየሁሽ። እጅሽ ነው የሚፈልገው እንጂ ዓይንሽ አይፈልግም ነበር።»

ወንዝ ውስጥ ጣልኩት አልኳት።  ወደ ወጣቱ ጀርባ አየች፣ ሸሚዙ ላይ ደሙ ደርቋል። ትጮኻለች፣ ወይም ልክ ነሽ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱንም አላለችም። ብትነግሪኝ እኔው ራሴ አንድ ድንጋይ ሥር እደብቀው ነበር፣ ሌላ ቀን መጥተን እናወጣው ነበር አለችኝ። ይህ ለእኔ በሐሳቤም አልመጣም ነበር። ድንጋይ በሞላበት አገር አድሬ አንድ ድንጋይ ማንሣት አልታየኝም። ፍርሃት የሚያሳይሽ አንድ መንገድ ብቻ ነው።

ባሌ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ተመለሰ። ትንሿን ጎረቤት ትቶ፣ በፌስታል ያገኘውን ወረቀት ሁሉ አጭቆ መጥቷል፤ የጋብቻውን፣ የልጆቹን የልደት፣ የድሮ ኢቃማዎቼን፣ የክትባት ካርድ ሳይቀር። ያ ሲቪል የለበሰ ሰው ግን የለም፤ ቀትር ላይ በመኪና ሄዷል። የቀሩት ወታደሮች ለምን እንደተያዝን አያውቁም ነበር። አንድ ሻለቃ ባሻ ፌስታሉን ከፍቶ እንኳ ሳያይ፣ ያላ፣ ውሰዳቸው አለ። ከቀትር ጀምሮ የሚፈልገን ሰው አልነበረም ማለት ነው። በግራ በቀኝ ባሌና ልጄ ደግፈውኝ ወደ መኪናው ገባሁ። ወጣቱን እዚያው ትተነው ሄድን። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጓደኛዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታች። ጠጉሯን በመቀስ አበለሻሽተውት ነበር። ቤታችን መጣች፤ ሻይ ይዤ ወደ ክፍሉ ስሄድ ከመጋረጃው ወዲህ ድምፃቸውን ሰማሁ። ያን አጥር ላይ የወጣሁበትን ላኪልኝ፣ ጠጉሬን ልየው አለቻት። ልጄ ስልኬ ተራራ ላይ ወድቆ ጠፋ አለቻት። ጓደኛዋ እንዴት ተራራ ላይ አለች፤ ልጄ ወላጆቼ ለሽርሽር ወስደውኝ ብላ ሳቀች። ገብቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሻዩን አስቀምጬ ጠጉርሽ ቶሎ ያድጋል አልኳትና ወጣሁ።

ኢቃማዬን በወሩ አሳደስን። ልጄ ለብዙ ቀን እሺና እንቢ ብቻ ነበር የምትመልስልኝ። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ምሳ ሳቀርብ፣ ጫማዋን እያሠረች ዛሬ ወደ ቡሪ ነው የምንሄደው አለችኝ። አልጠየቅኳትም፣ ራሷ ናት የነገረችኝ። አትሂጂ ልላት ነበር። በየትኛው መንገድ ትመለሻለሽ አልኳት፤ ነገረችኝ። ሚያዝያ ላይ ሕዝቡ የጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ በነበረበት ሰሞንም፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ክፉ ጊዜም፣ ከቤት ሳትወጣ የምትሄድበትን ሰፈርና የምትመለስበትን ቅያስ ትነግረኝ ነበር። ፍርሃቴ በዚህ አልቀነሰም። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሰዓቱን እያየሁ እፈራ ነበር። ግን የት እንዳለች ዐውቄ ነበር የምፈራው።